በሰማያዊ እርሳስ የተሰረዘች ፉጨት

ሊፖቬትስ፣ ረቡዕ ሚያዝያ 4 ቀን 1883

የኔ ሄድቪካ፣

ማንበብ ከመጀመርሽ በፊት ፖስታውን ገልብጪና የላኪውን አድራሻ እዪልኝ። አየሽው? የመድኃኒት ቤቱ አይደለም። የራሳችን ቤት ነው፣ የትምህርት ቤቱ ግቢ። ስድስት ዓመት ሙሉ ደብዳቤሽን ከወይዘሮ ኮርዱላ መድኃኒት ቤት፣ ከካምፎሩ ብልቃጥ ጀርባ እንደ ሌባ እየወሰድሁ ኖሬ፣ ዛሬ በጠራራ ፀሐይ፣ በገዛ ጠረጴዛዬ ላይ፣ በአባትሽ ቀለም እጽፍልሻለሁ። አባትሽም እዚሁ ከፊቴ ተቀምጧል። የተማሪ ደብተር የሚያርም ይመስላል፤ አንዷን ገጽ ግን ማረም ከጀመረ ሩብ ሰዓት አለፈው።

እንዴት እንደሆነ ሁሉንም እነግርሻለሁ፤ ግን በተራ ነው። አባትሽ ሁልጊዜ “አንቺ ወሬ የምትጀምሪው ከጭራው ነው” ይለኛልና ዛሬ ከራሱ እጀምራለሁ፣ ይየኝ።

ሁላችንም ደህና ነን። ጉልበቴ በዝናብ ቀን ይጠዘጥዘኛል፤ እሱም ግራ እግሩን እንደ ወትሮው ይጎትታል። ከወፍጮው በላይ ያለው በረዶ ዘንድሮ ማንንም ሳይጎዳ ቀልጦ ወረደ። ለባልሽ ለማቶሽ ሰላምታዬን ንገሪው፤ ያንን መለከቱን ነፍቶ ሲወጣ ደረቱን ይሸፍን። ትንሿ ቴክላ የመንጋጋ ጥርስ ካወጣች ጠንካራ የዳቦ ቅርፊት ስጫት፣ ታኝክ፤ አንቺንም ያሳደግሁሽ እንደዚያ ነው።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ።

አንቺ ማቶሽን አግብተሽ ከሄድሽ በሦስተኛው ወር አባትሽ ከትምህርት በኋላ ኦርጋኑ ያለበት ክፍል ውስጥ እየገባ በሩን መዝጋት ጀመረ። አንቺ የሄድሽ ቀን በራፉ ላይ የተናገረውን አልደግመውም፤ እንዳልረሳሽው አውቃለሁ። “ጠዋት ለቀብር፣ ከሰዓት ለሰርግ በአንድ አፍ የሚነፋ የወታደር ባንድ መለከተኛ” ብሎ የጀመረው ንግግር ነው፤ መጨረሻው ደግሞ ከዚያ የባሰ ነበር። ከዚያ ወዲህ ስምሽ በዚህ ቤት ተጠርቶ አያውቅም። እኔም ዝም አልኩ። ጥፋቴን አውቃለሁ፤ የዝምታ ሚስት ሆኜ ስድስት ዓመት ቆየሁ።

ለካ በዚያ ክፍል ውስጥ ለትልቅ ኦርኬስትራ የሚሆን ሙዚቃ እየጻፈ ነው። ዘፈን የለበትም፣ ቃል የለበትም፤ መሣሪያዎቹ ራሳቸው ተረት የሚያወሩበት፣ ያ አሁን በየከተማው የሚወደደው ዓይነት። ሰሚው ታሪኩን እንዲያውቀው በአንዲት ወረቀት ታትሞ በር ላይ ይታደላል፤ ከዚያ ወዲያ ሁሉም ነገር የጆሮ ሥራ ነው። የእሱ ታሪክ “ንጉሡና ጫካው” ይባላል። አንድ ቁጡ ንጉሥ ልጁን ከቤተ መንግሥት ያባርራል። ቆይቶ ይጸጸትና በጫካ ውስጥ ሲፈልጋት፣ በቀንደ መለከት ሦስት ጊዜ ይጣራል። የወረቀቱ መጨረሻ እንዲህ ይላል፦ “ጫካውም መልስ አልሰጠም።”

የከተማችንን ሰው ታውቂያለሽ። ቢራ ጠማቂው ይህን ሲሰማ፣ “መምህር ቃል የሌለው ተረት ሊሸጥልን ነው? ሥጋ የሌለበት ሾርባ በሉት” አለ። ሰው ሁሉ ሳቀ። አባትሽ ግን ረቂቁን ለራሱ አስቀርቶ ዋናውን ቅጂ ጠቅልሎ ወደ ፕራግ፣ አቶ ሴመራድ ወደሚባለው የኦርኬስትራ መሪ ላከው። ስምንት ወር መልስ የለም። በጥቅምት መጣ፤ ከፋሲካ በኋላ ባለው እሁድ ይጫወቱታል። አንድ ነገር ብቻ፣ የየሙዚቀኛው ቅጂ በአቀናባሪው በኩል ተዘጋጅቶ ይምጣ አለ።

አባትሽ ደብዳቤውን ይዞ ወጥ ቤት ገባና ቆመ።

“ስንት ሰው ነው?” አልኩት።

“ሃምሳ ስምንት።”

“በል ወረቀት ግዛ” አልኩት።

ኖታ መጻፍ ያስተማረኝ እሱ ራሱ ነው፣ ተጫጭተን ሳለን። ሌሎች እጮኛሞች ግጥም ሲጻጻፉ እኛ የቤተ ክርስቲያን መዝሙር እንገለብጥ ነበር። ያችን ባለ አምስት ጥርስ ብዕር ከሳጥን አወጣኋት፤ በአንድ ጭረት አምስቱን መስመር የምታሰምረዋን። ከኅዳር እስከ መጋቢት በምድጃው አጠገብ ስገለብጥ ከረምሁ። ጣቴ ላይ የወጣው እብጠት የዝይ እንቁላል ያክላል ብልሽ ታጋንናለች ትያለሽ፤ የድንቢጥ ያክላል።

ስገለብጥ ነው እንግዲህ ያወቅሁት። የንጉሡን እርምጃ የሚሄዱት ቼሎዎቹ፣ እነዚያ ወፍራም ድምፅ ያላቸው ትልልቅ ቫዮሊኖች፣ ናቸው፤ አንድ ረጅም፣ አንድ አጭር፣ አንድ ረጅም፣ አንድ አጭር። ብዕሬን አስቀመጥሁ።

“ይህ ንጉሥ ምን ሆኖ ነው የሚያነክሰው?” አልኩት።

“ከፈረስ ወድቆ” አለኝ፣ ቀና ሳይል።

“ፈረሱ የትኛው ገጽ ላይ ነው?”

“አንቺ ገልብጪ” አለኝ።

ገለበጥሁ። ቫዮሊኖቹ ነፋሱን ነፉ፤ ቀንደ መለከቱ አንዴ ተጣራ፣ ሁለቴ ተጣራ። ለሦስተኛው ጥሪ አባትሽ “ከሩቅ” ብሎ ጽፎበታል። ከዚያ በኋላ ምን እንዳለ ታውቂያለሽ? ምንም የለም። አንድ ሙሉ ባዶ የኖታ ክፍል፣ በላዩ ላይ ደግሞ ያች የዓይን ቅርጽ ያላት “ጠብቁ” የምትል ምልክት። ሃምሳ ስምንት ሰው ትንፋሹን ይዞ የሚጠብቅባት ዝምታ። ከዝምታው በኋላ ቼሎዎቹ ያንኑ የሚያነክስ እርምጃ ይዘው ይነሳሉ፤ ሌላው ሁሉ እየተጨመረበት ድምፁ እያደገ ይሄዳል። በዚህ ላይ አባትሽ ንጉሡ “ወደማይመለስበት” ሄደ ብሎ ጽፎበታል።

ያቺን ባዶ ክፍል ሃምሳ ስድስት ጊዜ ባዶ አድርጌ ገለበጥኋት። ሃምሳ ሰባተኛው የኦቦው ቅጂ ነበር፣ ያ የሸንበቆ አፍ ያለው ቀጭን መሣሪያ። ሄድቪካዬ፣ እጄ ነው። እኔ አላዘዝሁትም። ከመዝሙር ትምህርት ስትመለሺ በወፍጮው ግድብ ላይ እየሮጥሽ የምታፏጪያትን ታስታውሻለሽ? ሾርባውን ጣጂ የምትለኝን፣ አምስቷን ኖታ? አባትሽ “ሴት ልጅ አታፏጭም፣ ባቡር ነሽ እንዴ” እያለ የሚቆጣባትን? እሷን ጻፍኋት። በባዶዋ ክፍል ውስጥ፣ በደንብ በጠራ ቀለም፣ ከዓይኗ ምልክት ሥር። ቀለሙ እንዲደርቅ አሸዋ ነሰነስሁባት፣ አራገፍሁ፣ ከሌሎቹ ጋር አሰርኋት። ለማንም አልተናገርሁም። ኋላ ሲጠይቁኝ “ዓይኔ ደክሞ ነው” ልል አስቤ ነበር።

ልምምዱ ፕራግ ላይ ቅዳሜ ጠዋት ነበር፤ አንዲት ብቻ ናት የሰጡን። አዳራሹ በወንዙ መሀል ደሴቲቱ ላይ ነው፤ ወንበሮቹ በጨርቅ ተሸፍነው አስከሬን የሞላበት ይመስላል። አባትሽ አራተኛው ረድፍ ላይ የሰርጋችንን ኮት ለብሶ፣ እኔ ከጎኑ ነኝ። አቶ ሴመራድ ቀጭን፣ ፈጣን፣ ሰዓቱን ከፊቱ ዘርግቶ የሚሠራ ሰው ነው። ሙዚቃው ተጀመረ። እህል ውኃ ሳልቀምስ የሄድሁት ሴትዮ ጠግቤ ቁጭ አልሁ። በእጄ ጥቁር ነጥብ የነበረው ሁሉ ነፋስ ሆነ፣ ዛፍ ሆነ፣ የሚያነክስ ሰው ሆነ።

ሦስተኛው ጥሪ ከሩቅ መጣ። ከዚያም በዝምታው ውስጥ ኦቦው አፏጨ።

አቶ ሴመራድ የሚመራባትን ዘንግ አወረደ። “ይህ ምንድን ነው?”

ኦቦ ነፊው አቶ ዶሌዣል ይባላል፤ ሱረት የሚስብ፣ ጢሙ እንደ አሮጌ መጥረጊያ የሆነ ሽማግሌ። “እኔ የተጻፈልኝን ነው የነፋሁት” አለ። “ደግሞ ጥሩ ነች።”

“በእኔ ቅጂ ላይ የለችም።”

“እንግዲህ የእርስዎ ቅጂ ድሃ ነው ማለት ነው” አለ ሽማግሌው፣ ሙዚቀኞቹም ሳቁ።

አቶ ሴመራድ አልሳቀም። ወደ እኛ ዞረ። “መምህር፣ ሰዓት የለኝም። ይህ ሙዚቃ ነው ወይስ ስህተት? ቅጂዎቹ ስህተት ካለባቸው ሌላም ይኖራል፤ እንዲህ ከሆነ ሥራውን ለሚቀጥለው ዓመት ማሳለፍ ይሻላል።”

የስድስት ዓመት ሥራውን በአምስት ኖታ ልገድለው ነው ብዬ አሰብሁ። አባትሽን አላየሁትም፤ ማየት አልቻልሁም።

“የገልባጭ ስህተት ነው” አለ አባትሽ። “ሌላ የለም። ይሰረዝ።”

አቶ ዶሌዣል ከኪሱ ሰማያዊ እርሳስ አወጣና በፉጨትሽ ላይ መስቀል አደረገባት። ከአራተኛው ረድፍ ድረስ ሲፋቅ ሰማሁት። ቀጠሉ፤ ሌላ ስህተት አልተገኘም። በዚህ ልኩራ፣ ከሃምሳ ስምንት ቅጂ አንድ ጭረት እንኳ አልተሳሳትሁም።

ከአዳራሹ ወጥተን በድልድዩ ላይ ስንሄድ የፖፒ ፍሬ የተሞላ ኮላች፣ ያን ክብ ጣፋጭ ዳቦ፣ ገዛሁለት፤ አልነካውም። የኔም የሱም ለኔ ቀረ፣ እያለቀስሁ ሁለቱንም በላሁ፤ እውነቱን ነው የምነግርሽ። ይህ ሰው ንጉሡን በጫካ ማስጮህ ይችላል፣ እሱ ራሱ ግን በገዛ ልጁ ስም አፉን አይከፍትም ብዬ በሆዴ ስሰድበው ነበር። ወደምናድርበት ቤት ደረጃው ጋ ስንደርስ ቆመ።

“ሦስተኛዋን ኖታ ለምን አሳጠርሻት?” አለኝ።

ነገሩ ድንገት ሆነብኝ። “ትንፋሽ ያጥራት ስለነበር ነዋ። እየሮጠች ነው የምታፏጨው።”

“ሦስተኛዋ አጥራ አታውቅም” አለ። “ትንፋሽ የሚያጥራት አራተኛዋ ላይ ነበር። ግድቡ ላይ ሳንቃው የጎደለበት ቦታ አለ፤ እዚያ ስትዘል ነው።”

ይህን ብሎ ደረጃውን ወጣ። እኔ ግን እዚያው ቀረሁ፣ በእጄ የኮላች ፍርፋሪ ይዤ። እናትሽ ነኝ ባይዋ ሦስተኛዋ ናት ብዬ ጻፍሁ። ለስድስት ዓመት ስምሽን ያልጠራው ሰው ደግሞ ትንፋሽሽ የት ቦታ እንደሚቆረጥ ያውቃል።

እሁድ ጠዋት ስነሳ አልጋው ባዶ ነው። ቅዳሴ ሄዷል አልሁ። ተመልሶ መጣ፤ ጫማው የወንዝ ዳር ጭቃ ነበረበት፤ ቤተ ክርስቲያኑ ደግሞ ኮረብታ ላይ ነው። አልጠየቅሁትም። ስለ ጭቃ ከመጠየቅ ክራቫቱን ማሰር ይሻላል።

ኮንሰርቱ እኩለ ቀን ላይ ነበር። አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል፤ ያ ቢራ ጠማቂ ሳይቀር ሚስቱን ይዞ መጥቷል፣ የሾርባውን ሥጋ ሊፈልግ ነው መሰለኝ። አባትሽ ከመድረኩ አጠገብ ተቀመጠ፤ እኔ ሰገነት ላይ ነኝ። ከጎኔ የማላውቃቸው ባልና ሚስት ናቸው፤ ሰውየው ጢማም፣ የታሪኩን ወረቀት በጣቱ እየተከተለ የሚያነብ። “አሁን ጫካ ገባ” ይላል። “አሁን የመጀመሪያው ጥሪ ነው።” ሚስቱ፣ “ሰማሁት እኮ፣ ደንቆሮ አይደለሁም” ትላለች።

ሁለተኛው ጥሪ። ሦስተኛው፣ ከሩቅ። ሰውየው ጣቱን የመጨረሻዋ መስመር ላይ አሳረፈ። የአቶ ሴመራድ እጅ አየር ላይ ቆመ። ሃምሳ ስምንት ሰው ትንፋሹን ያዘ፤ እኔም ያዝሁ። ፈራሁ፣ ሄድቪካዬ። ዝምታዋ ረዘመች።

ያን ጊዜ ከዚያ ጸጥታ ውስጥ፣ ከወንዝ ማዶ እንደምትመጪ ሆነሽ፣ አፏጨሽ።

አንደኛዋ። ሁለተኛዋ። ሦስተኛዋ ረጅም፣ ሙሉ። አራተኛዋ አጭር፣ ሳንቃው የጎደለበት ቦታ ላይ። አምስተኛዋ ከማዶ።

አራተኛዋ ነበረች ያጠረችው፣ ገባሽ? እኔ የጻፍኋት ሦስተኛዋን ነበር። ይህችን ኖታ ያስተካከለው እጅ በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነው።

በአዳራሹ ውስጥ የሰማሁትን ድምፅ እስክሞት አልረሳውም፤ ዝናብ ይመስላል። ሰው ሁሉ ወረቀቱን እየገለበጠ ነበር። መልሱ የት ተጽፏል ብሎ ጀርባውን ይፈልጋል። ከጎኔ ያለው ጢማም ሰውዬ፣ “ወረቀቱ እኮ ጫካው መልስ አልሰጠም ነው የሚለው” አለ።

ሚስቱ ወረቀቱን ከእጁ ቀማችው። “ወረቀቱን ተወውና ስማ። ልጅቷ መልሳለች” አለችው።

ቃል የሌለው ተረት አይገባም ያሉ ይስሙ። አንዲት የማላውቃት የፕራግ ሴት፣ አንቺን አይታሽ የማታውቅ፣ ግድባችንን የማታውቅ፣ በአምስት ኖታ ልጅቷ መለሰች አለች።

ቼሎዎቹም ተነሱ። አንድ ረጅም፣ አንድ አጭር። ያው የሚያነክስ እርምጃ ነው፤ እኔ ራሴ የገለበጥሁት፣ አንድም ኖታ አልተነካም። ነገር ግን ያ ሰውዬ አሁን ወደ መቃብሩ አልነበረም የሚሄደው። ልጁ ወደ ጠራችው ነበር የሚሮጠው፣ በዚያች በምትጎተት እግሩ። አቶ ሴመራድም ገባው መሰለኝ ፍጥነቱን ጨመረ፤ ቫዮሊኖቹ ተከተሉ፣ መለከቶቹ ተነሱ፣ ትልልቆቹ ከበሮዎች ተቀላቀሉ፤ ሰገነቱ ከእግሬ ሥር ተንቀጠቀጠ። ሙዚቃው ሲያልቅ በጭብጨባው ጣሪያው የወረደ መሰለኝ።

አባትሽን ሦስት ጊዜ ወደ መድረክ ጠሩት። ሦስት ጊዜም እያነከሰ ወጣ፤ ሕዝቡም የንጉሡን እርምጃ ያኔ አወቀው። ከፊት ረድፍ ጀምሮ እየተነሳ ቆመ። ሪባን ያለው ትልቅ የሎሬል ቅጠል ጉንጉን፣ የክብር አክሊል፣ ሰጡት። የት እንደሚያደርገው አላወቀም፤ እንደ ገበያ ቅርጫት ክንዱ ላይ አንጠለጠለው። ቢራ ጠማቂው ወደ እኔ እየተጋፋ መጣ፤ ዓይኑ ቀልቷል። “ወይዘሮ አፖሌና፣ የእናንተ ሄድቪካ እኮ ናት” አለኝ። “ጠዋት ጠዋት በርሜል ሳጥብ የምሰማት።” እኔም፣ “ሥጋውን አገኙት እንግዲህ” አልኩት።

እንደ ጨረሱ ወደ ሙዚቀኞቹ ክፍል ወረድሁ። አቶ ዶሌዣል የኦቦውን አፍ በላባ እየጠረገ ነበር። ገና ሳልጠይቀው ቅጂውን አወጣልኝ። ሰማያዊው መስቀል እንዳለ አለ። ነገር ግን ከሥሩ ተርታ ነጠብጣብ ተደርድሯል፤ ከነጠብጣቡም ሥር አንዲት ቃል፦ “ይጸናል።” ሙዚቀኞች አንድ ጊዜ የተሰረዘ ነገር እንዲመለስ ሲፈልጉ የሚጽፉት ነው፤ ጭረቱን አትቁጠሩት፣ እንደ ነበረው ንፉት ማለታቸው ነው። ጽሑፉ የአባትሽ ነው። አራተኛዋም ኖታ ላይ በእሱ ቀለም የምታሳጥር ጭራ ተቀጥሎባታል፤ ከሦስተኛዋ ላይ ደግሞ በቢላ ተፍቋል።

“ጠዋት በሁለት ሰዓት መጣ” አለኝ አቶ ዶሌዣል። “ገና የሌሊት ልብሴን አላወለቅሁም። ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ወንዝ ዳር ያለው ደጄ ላይ ቆመ። ከወንዝ ማዶ እንደሚመጣ አድርገህ ትነፋታለህ ወይ አለኝ። መምህር፣ ትናንት ስህተት ነው አላልክም እንዴ? አልሁት።”

“ምን አለህ?”

“ነው አለኝ። ‘ስህተቱ ግን የገልባጯ አይደለም’ አለኝ።”

ሄድቪካዬ፣ ያን ሽማግሌ በሱረታም ጢሙ ላይ ሳምሁት። የመጣ ይምጣ።

በባቡሩ ስንመለስ አባትሽ ጉንጉኑን ጭኑ ላይ አስቀምጦ በመስኮት ያያል። ኮሊን ከተማ ስንደርስ፣ “የትኛው ክፍለ ጦር ነበር ያ ሰውዬ?” አለኝ።

“የትኛው ሰውዬ?” አልሁት፣ እንዳልገባኝ ሆኜ።

“መለከተኛው።”

“የት እንዳሉ እኔ በምን አውቃለሁ?”

ያኔ ሳቀ፤ በስድስት ዓመት ውስጥ እንደዚያ ሲስቅ አላየሁትም። “በየወሩ አንድ ቀን ሻርፕሽ ካምፎር ካምፎር እየሸተተ ትመጪና ሙሉ ቀን ስትዘፍኚ ትውያለሽ” አለኝ። “የሚያዘፍን ካምፎር አይቼ አላውቅም። በየትኛው ክፍለ ጦር ነው ብዬ ነው የጠየቅሁሽ፣ ልጅም አላቸው መሰለኝ፤ ባለፈው ክረምት የሕፃን ካልሲ ስትሠሪ አይቼሻለሁ። ለጳጳሱ ነው እንዳትዪኝ ብቻ።”

ሁሉን ነገርሁት። ስለ ቴክላ፣ ስለ ጥርሷ፣ ማቶሽ ባለፈው ዓመት ታሞ ስለ ዳነው፣ ሁሉን። እስከ ሊፖቬትስ ድረስ አላቋረጠኝም፤ እኔን አለማቋረጥ ምን ያህል ትዕግሥት እንደሚጠይቅ አንቺ ታውቂያለሽ።

ጉንጉኑ አሁን ወጥ ቤት፣ ከምድጃው በላይ ተሰቅሏል። ለትናንቱ የሥጋ መረቅ ሦስት ቅጠል ቀንጥሼበታለሁ፤ ያው መረቅ ውስጥ የምንጨምረው ቅጠል አይደል? ፕራግ ስላሰረችው ጣዕሙ አይቀየርም። እሱ ግን ቆጥሮት ነበር። “ክብሬን እየበላሽው ነው” አለኝ፤ ሁለት ጊዜ ግን ጨምሪ አለ።

አሁን ዋናውን ስሚ። ለቅዱስ ዮሐንስ በዓል፣ ሰኔ 24፣ አቶ ሴመራድና ሙዚቀኞቹ ሙዚቃውን ኮሊን መጥተው ሊጫወቱት ነው። አባትሽ ለማቶሽ የላከው መልእክት አለ፤ ቃል በቃል ነው የምጽፈው። ሦስተኛውን ጥሪ የሚነፋው ሰው ከአዳራሹ ውጭ፣ ደጅ ላይ መቆም አለበት ይላል፤ በኮሊን መለከተኞች ደግሞ አያምንም። “ለቀብርም ለሰርግም የለመደ አፍ ካለው ለዚህም አይቸግረውም” ይላል። ይቅርታ መጠየቁ ነው። ከዚህ የተሻለ አይችልበትም፤ ተቀበሉት።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር ያቺን የኦቦ ገጽ አጥፌ ልኬልሻለሁ። መስቀሉንም፣ ነጠብጣቡንም፣ ቃሉንም በዓይንሽ እንድታዪው። ነገር ግን አባትሽ የሚለውን አድምጪ፦ ገጹ የኦርኬስትራው ንብረት ነው፤ ከሰኔ 24 በፊት መመለስ አለበት። ፖስታ ቤት አይታመንም፤ የሄደው ይሂድ፣ የሚመለሰው ግን በሰው እጅ ይሁን ይላል። ስለዚህ ራስሽ ይዘሽው ነይ። ቴክላን አትተያት። የግድቡ ሳንቃ ዛሬም ተነቅሎ እንደ ቀረ ነው፣ እንዳትወድቅ እጇን ያዢያት። ስትደርሺ አታንኳኪ፤ እንዴት እንደምትነግሪኝ ታውቂያለሽ። ሾርባውን እጥዳለሁ።

አባትሽን ናፍቀሽዋል።

እግዚአብሔር መንገድሽን ያቅናልሽ፣ ባልሽን በጤና ያኑርልሽ፣ የልጅሽን ሳቅ አያጉድልብሽ። እኔንም እስከ ሰኔ በትዕግሥት ያቆየኝ፤ ከዚህ ሁሉ ምርቃት የሚከብደው እሱ ነው።

የምትወድሽና ዛሬ ደስታዋን የምታስቀምጥበት ያጣችው

እናትሽ አፖሌና

ከፊርማዬ በኋላ አንዲት ነገር ልጨምር። ከላይ “አባትሽን ናፍቀሽዋል” ያልሁባትን መስመር በሰማያዊ እርሳስ የሰረዛት እሱ ነው፤ በትከሻዬ ላይ አጮልቆ አንብቦ፣ “ይህን ማን ጻፊ አለሽ” ብሎ። ተቆጥቼ ከወንበሬ ተነሳሁ፤ ምድጃው ላይ እንጨት ጨምሬ ስመለስ ከጭረቱ ሥር ነጠብጣብ ተደርድሮ አገኘሁ። ከነጠብጣቡ ሥር ያለችውንም ቃል የጻፈው እሱ ነው። አንቺው አንብቢያት።